ስለ እህቴ ሁለት ክፍል ቤት ወደ ቦሌ የሄድኩበት ሳምንት

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ፣ የሚያልፈው ሁሉ «አዲስ አበባ እንዴት ከረመች?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከመለፍለፍ አንድ ጊዜ ጽፎ መገላገል ይሻላል። አገሩን ላላየና ወደፊትም ለማያይ ሰው መንገዱን፣ ማደሪያውንና የበላሁትን፣ ያፈርኩበትንም ጭምር ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ እህቴ አስካለ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ በአንድ ቀኛዝማች ግቢ ጥግ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አላት። ሟቹ ባሏ ግቢውን ለብዙ ዓመት በዘበኝነት ስለጠበቀ፣ ቀኛዝማች «እዚህች ጥግ ላይ ጎጆህን ቀልስ» ብለው በወረቀት ሰጡት፤ ባልና ሚስት ተረባርበው ሠሩት። ባሏ ሲሞት የቀኛዝማች ልጆች ሊያስወጧት ተነሡ፤ እሷም ወረቀቱን አያይዛ አባትና ልጆቹን በፍርድ ቤት ከሰሰች። ክሱ ሳያልቅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። ቆጣሪዎቹም ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ የቀኛዝማች ትርፍ ቤት ብለው መዘገቡና የእሷንም በር አሸጉት። ለኅብረት ሱቅ ዕቃ ማስቀመጫ ሊያደርጉት ነበር። እሷ መሥራቷ ከተረጋገጠ ቤቱ የራሷ ነው፤ ካልተረጋገጠ ሜዳ ላይ ቀረች።

በዚህ ላይ ፍርድ ቤቱም ተለወጠ። የቤትና የቦታ ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ነዋሪው በመረጣቸው ሰዎች ለሚታይ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። የነጋዴውም ጉዳይ ለብቻው ሌላ ቦታ ይሄዳል ይባል ነበር። «ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ዳኛ» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ደስ ሲል እኔን አስፈራኝ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ስቀመጥ የተማርኩት፣ ጉዳይህን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ባለጋራህንም በቅርብ እንደሚያውቅ ነው። ለአስካለ «የምስክር ስም በደብዳቤ እንዳትጽፊ፣ ለእኔም ቢሆን» ብዬ ጻፍኩላትና ተነሣሁ።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ኅዳር ነውና ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ከለገዳዲ ወዲህ ባለው ኬላ «ውረዱ» ተባልን። ወታደሩ ቦርሳዬን ሲከፍተው የቀለም ጠርሙሴ ፈስሶ ኖሯል፤ እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። ያን ጊዜ ወረቀት በታኝ የሚባሉ ሰዎች የሚታደኑበት ወቅት ነው። ወታደሩ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየና «ምን ስትጽፍ ነው?» አለኝ። «ማመልከቻ» አልኩ። «ለማን?» «ለጠየቀኝ ሁሉ» አልኩት። ከጎኔ ተቀምጣ የነበረች ቅቤ ነጋዴ «ኧረ ጌታዬ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ናቸው፣ አገር ያውቃቸዋል» አለችልኝና ተለቀቅኩ። አውቶቡስ ውስጥም ሎሚ ቆርጣ እጄን አሸችልኝ። አመሰገንኳት እንጂ እስከ ከተማ ድረስ ይህች ሴት ሥራዬን ከየት አወቀች እያልኩ አላረፍኩም። በኋላ ትዝ ሲለኝ፣ ለእሷም ማመልከቻ ጽፌላታለሁ።

አስካለ አውቶቡስ ተራ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። በታክሲ እስከ ቦሌ ሄድንና የታሸገውን በር አሳየችኝ፤ ወረቀት ተለጥፎበት ማኅተም ተመቶበታል። እሷ ጎረቤት ዘንድ ከሦስት ልጃገረዶች ጋር መሬት ላይ ትተኛለች፤ ለእኔ የሚሆን ቦታ የለም። «ጋሼ፣ ማደሪያ አግኝቼልሃለሁ። ቡልቡላ መንደር ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሰው አሉ፤ አልጋቸውን ለቀውልሃል» አለችኝ።

«ምንሽ ናቸው?»

«ሰው ናቸዋ! ደግ ሰው ናቸው።»

ይህ መልስ አልጣመኝም። አስፋልቱ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የጤፍ ማሳ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሁሉ ፎቅ ይመስለኝ ነበር፤ አህያ ነዶ ተሸክማ በአጥሩ ሥር ስታልፍ አውሮፕላን ከራሷ በላይ ይነሣል፣ ቀናም ብላ አታይ። አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄደን ደረስን። ኦቦ ደበላ ረጅም፣ ጸጉራቸው የሸበተ ገበሬ ናቸው። በኦሮምኛ «አካም ኦልተን» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ ወደ አማርኛ ዞረው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» አሉኝ። ሚስታቸው ወይዘሮ በቀለች እግሬን በሙቅ ውኃ አጠቡኝ፤ እርጎ በጣሳ ቀረበልኝ። አልጋው የራሳቸው ነው፤ እነሱ መደብ ላይ ተኙ። የእኛ አገር ሰውም እንግዳ ይወዳል፤ ግን የማያውቀውን ሰው አልጋው ላይ አውጥቶ እሱ መደብ ላይ ሲተኛ አላየሁም። ከእኔ ምን ፈልገው ነው እያልኩ ቦርሳዬን ራስጌ አድርጌ ተኛሁ።

ማክሰኞ የአስካለን ፋይል ፍለጋ ወደ ድሮው ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ የሚፈርስ ቤት መስሏል። ፋይሉ በቃጫ እየታሰረ መሬት ላይ ተቆልሏል፤ አንዱ ክምር የነጋዴ፣ አንዱ የቤት፣ አንዱ ደግሞ ማንም የማያውቀው ነው። ከክምሮቹ መካከል በርጩማ ላይ የተቀመጠ መነጽራም ሠራተኛ «የቤቱ ሁሉ ወደየቀበሌው ተላልፏል» አለኝ። ወደ ቀበሌው ስሄድ «አልደረሰንም» አሉኝ። ተመልሼ ለመነጽራሙ ብነግረው አላመናጨቀኝም፤ ምሳውን ትቶ አብሮኝ ክምሩን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲገለብጥ ዋለ። አልተገኘም። እያቃሰተ «አባቴ፣ ወረቀት ከጠፋ ሰው ይፈልጉ» አለኝ። ይህን ያህል መድከሙ ራሱ ፋይሉን የደበቀው እሱ ቢሆን ነው ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ በቀኛዝማች ግቢ በኩል አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው፣ ቀኛዝማችን እጅ ሲነሡ አየሁ። ቀኛዝማች ትከሻቸውን ይዘው በጆሯቸው አንድ ነገር አሏቸው። የምተኛው የባለጋራዬ ሰው ቤት ነው ማለት ነው! 

ማታ በእራት ላይ እንደ ዘበት «ቀኛዝማችን ያውቋቸዋል?» አልኳቸው።

«ጭሰኛቸው ነበርኩ። መሬቱ ለአራሹ እስኪሆን ድረስ» አሉ ኦቦ ደበላ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ምን አለ? ሰላምታ ነው» አሉና ወደ እሳቱ ዞሩ። ያን ዕለት በባለርስቱ በር ጎንበስ ብለው እንደነበር አልነገሩኝም። እኔም አየሁ አላልኩም።

ረቡዕ ጾም ነው። ወይዘሮ በቀለች ሽሮ ሲያቀርቡልኝ ቅቤ እንዳይኖረው ደጋግሜ አሸተትኩ። ጾም ሊያስፈቱኝ ነው ብዬ! ሴትየዋ አዩኝና ሳቅ ብለው «በኑግ ነው፣ ይብሉ» አሉ። አፈርኩ፤ ግን በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር። ቀኑን አውድማው ዳር ተቀምጬ ኦቦ ደበላ በሬዎቹን ሲያዞሩ እያየሁ ነገር ለማውጣት ሞከርኩ። «የእህቴን ቤት ያውቁታል?» «አውቀዋለሁ።» «ሲሠራ ነበሩ?» ሰውየው መንሹን አቆሙ። «ጌታዬ፣ ነገ ሸንጎ ነው። ከሸንጎ በፊት ስለ ሸንጎ ማውራት በእኛ ዘንድ ነውር ነው» አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ምስክር ሁሉ ከመቅረቡ በፊት ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ምን እንደሚል ያጠናል። ዝም የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ፈረድኩባቸው።

ከሰዓት በኋላ አስካለ የሰው ልብስ አጥባ ስታበቃ መጣች። እጇ በሳሙና ተበልቷል። «ጋሼ፣ ስለ ምስክሩ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች።

«ቀስ በይ!» አልኳት። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሚስትየዋ ጓዳ ናቸው። «እዚህ ቤት ስለ ክርክሩ ምንም እንዳትተነፍሺ። ሸንጎው ፊት እኔ እናገራለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

«ግን ጋሼ...»

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው!» አልኳት።  ትንሽ ሳለች ጀምሮ ስቆጣት ዝም ማለት ልማዷ ነው።

ሐሙስ ሸንጎው ተቀመጠ። ችሎቱ አንድ የተወረሰ ቪላ ቤት ጋራዥ ነው፤ ወለሉ የዘይት ጠብታ አለበት፤ ግድግዳው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ተጽፏል። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ ሊቀ መንበሩ ጓድ ለማ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ደጁ ላይ መሣሪያ የያዘ አብዮት ጠባቂ ቆሟል። ቀኛዝማች በአንድ አግዳሚ፣ እኔና አስካለ በሌላው ሆንን። ኦቦ ደበላም መጥተው ከኋላ ቆሙ። አየሁ አይደል፣ ተከትለውኝ መጡ አልኩ በልቤ።

ተነሥቼ «ክቡር ፍርድ ቤት!» ስል ሰው ሳቀ።

«እዚህ ክቡር የለም፣ ጓድ ይበቃል። ነገረ ፈጅ ነዎት?» አለኝ ልብስ ሰፊው።

«ወንድሟ ነኝ።»

«ወንድም ከሆኑ ደግ። ወረቀት አለ?»

ወረቀቱ ከፋይሉ ጋር መጥፋቱን በአንቀጽ በአንቀጽ አስረዳሁ። ጓድ ለማ አቋረጠኝ። «ይሁን፣ ይገባናል። እዚህ ቀበሌ የቤት ፋይል የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። እኛ ደግሞ ቤት ማን ሠራው ብለን ስንጠይቅ የምናየው ወረቀት አይደለም። ጭቃ ብቻውን አይቦካም፤ ሰው ተጠርቶ ነው። ያን ቀን ያበላ ሰው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ እጠይቃለሁ፦ ይህ ቤት ሲመረግ ጭቃ የረገጠ ሰው አለ? ምሳውን ማን አበላው?»

ከኋላ «እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ኦቦ ደበላ ነበሩ።

አስካለ ፊቷ በራ፤ እኔ ግን ያን አላየሁም። ያየሁት ማክሰኞ ጎንበስ ያለውን ጀርባ ነው። ብድግ ብዬ «እቃወማለሁ!» አልኩ። አስካለ ኮቴን ጎተተች፤ እጇን መታሁት። «ይህ ሰው የባለርስቱ ጭሰኛ ነበር። ማክሰኞ ዕለት በባለጋራችን በር እጅ ሲነሣ፣ በጆሮውም ሲነገረው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔንም ቤቱ ያሳደረኝ ምስጢሬን ለማወቅ ነው። ቃሉ አይሰማብን!»

 ጓድ ለማ ግራ ገባውና «ለእህትዎ ሊመሰክር እኮ ነው የመጣው መሰለኝ» አለ።

«መስሎ ነው እንጂ» አልኩ። «መስሎ መጥቶ ነው የሚያጠፋን።»

ዳኞቹ ተያዩ። የሸንጎው ጸሐፊ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የእጅ ጽሕፈት ነበረው፤ አንዱን መስመር ለመጨረስ ይቃትታል። ጓድ ለማ «እርስዎ ጸሐፊ ነዎት አሉ፤ መቃወሚያዎን ራስዎ ይጻፉልን» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ጻፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ እያለኝ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ አንዲት ስርዝ የሌለባት፣ የጥቅም ግንኙነቱን፣ የቀድሞ ጌታና ሎሌነቱን፣ የምስጢር ንግግሩን በቀንና በሰዓት ለይቼ አሰፈርኩት። ጓድ ለማ ጮክ ብሎ ሲያነበው ሰው ራሱን ነቀነቀ። አብዮት ጠባቂው ኦቦ ደበላን ከራስ እስከ እግራቸው ማየት ጀመረ።

ኦቦ ደበላ ምንም አልተከራከሩም። «እንግዳዬ እንዲህ ካሉ እኔ በእንግዳዬ ላይ አልናገርም» ብለው ወጡ።

ቀጥሎ ቀኛዝማች ተጠየቁ። ሽማግሌው ተነሥተው አንዴ በሩን፣ አንዴ ጠመንጃውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «ቤቱ ያለው በግቢዬ ነው፤ በግቢዬ ያለው ተወርሷል።» ሌላ ጭቃ የረገጠ ሰው ተፈልጎ ታጣ፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ዘምቷል። ቤቱ የመንግሥት ነው ተብሎ ተወሰነ። ይግባኝ ያለው ወደ ከፍተኛው ሸንጎ ይሂድ ተባለ።

ከጋራዡ ስንወጣ አስካለ አላለቀሰችም። አጥር ተደግፋ ቆመችና «ጭዱን ያመጡት እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «በሁለት አህያ፣ ከቡልቡላ። ባሌ ታሞ ሳለ ጭቃውን ከጠዋት እስከ ማታ የረገጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ጎመንና ቂጣ አበላኋቸው፣ ስጋ አልነበረኝም። ማክሰኞ ዕለት ቀኛዝማች እንዲመሰክሩልኝ ሊለምኗቸው ነው የሄዱት፤ ቀኛዝማች ‹ብቻዬን ብናገር ትርፍ ቤት ሊደብቅ ነው ይሉኛል› ብለው ፈርተው ነበር። ኦቦ ደበላ ‹እኔ ከእርስዎ በፊት እናገራለሁ› ብለው እሺ አሰኟቸው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ መልሱን አውቀዋለሁ። 

የዚያን ቀን ወደ ቡልቡላ ላለመመለስ ፈልጌ ነበር፤ ቦርሳዬ ግን እዚያ ነው። ወይዘሮ በቀለች እንደ ሰኞው እግሬን አጠቡኝ። አልጋው ተነጥፎልኛል። ኦቦ ደበላ እራት ላይ ስለ ጤፉና ስለ በሬው አወሩኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት «እንግዳ ይሳሳታል፤ ይብሉ» አሉ። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ሱቁ ድረስ ሄጄ ጓድ ለማን አገኘሁት። የሴት ቀሚስ እየሰፋ ነው። መቃወሚያዬን ማንሣት እፈልጋለሁ፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። ፔዳሉን አቆመና መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቴን አወጣ። «አባቴ፣ እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም» አለኝ። «ትናንት ሰውየው ጭቃ ረገጥኩ ብሎ ቢናገር አምነው ነበር፤ ፊቱ የሚታመን ፊት ነው። እርስዎ ግን በፊርማዎ ከባለርስት ጋር ይዶልታል ብለው ጻፉ። አሁን ‹ዋሽቼ ነው› ቢሉኝ እህትዎን ማን ያምናታል? ግልባጩም ለገበሬ ማኅበሩ ተልኳል።» ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን በስኳር አድርጎ፣ ዳቦ ጨምሮ ጋበዘኝ። ጠላት ብዬ የመጣሁበት ሰው ሁሉ ይጋብዘኛል፤ እኔ ግን የጎዳሁት ወዳጄን ነው። 

ቅዳሜ ኦቦ ደበላ ሊሸኙኝ አልቻሉም፤ ገበሬ ማኅበሩ ከባለርስት ጋር ስላላቸው ግንኙነት እንዲያስረዱ በጠዋት ጠርቷቸዋል። ባርኔጣቸውን አድርገው ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው፤ ቀጥ ብለው ነው የሄዱት። ወይዘሮ በቀለች የመንገድ ስንቅ ዳቦ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ዓይኔን ግን አላዩም። አስካለ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘችኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ እናታችንና ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ እንጂ ስለ ቤቱ አላወራችም።

አውቶቡሱ እስኪሞላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ኪሴን ዳብሼ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ይግባኙን እዚሁ ልጻፍልሽ፣ ለከፍተኛው ሸንጎ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አድርጌ፣ ማንም እንዳይመልሰው አድርጌ እጽፈዋለሁ አልኳት። በእርግጥም እችል ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ጀምሬም ነበር።

በሳሙና የተበላ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ጋሼ» አለች፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ገበሬ ማኅበሩ ኦቦ ደበላን ከለቀቃቸው አብረን ሄደን በአፌ እናገራለሁ። አንተ አትጻፍልኝ።»

ረዳቱ «ደብረ ብርሃን!» እያለ ሲጣራ ተነሣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው «ጻፍልኝ» እያለ ሲለምነኝ ኖሬ፣ አትጻፍልኝ ያለኝ ሰው ቢኖር እህቴ ብቻ ናት።